ደዋ ያልኩት አፈር

የካቲት 4
ሙቀቱ አናት ይበሳል። የውሃ ቦቴው ዛሬም አርፍዶ መጣ። ከአሮጌው የተባይ መድኃኒት መጋዘን ሥር ከቆፈርነው አፈር ግማሹን ጉድጓድ ውስጥ ከተን ከእበትና ከሞላሰስ ጋር አቦካነው። ውሃ አጥግበን በላስቲክ ከደንነው። ግማሹ ተራውን እየጠበቀ ውጭ ተከምሯል።

አለቃዬ ተገኝ አፍንጫውን ይዞ «ይሄ ሁሉ ሽታ ለምንድነው?» አለኝ። እንደ ቆጮ ነው አልኩት፤ አየር ከገባበት አለቀለት። አፈሩን የበከለው ዲዲቲ ላይ አምስት ክሎሪን አለ። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ አንዱን ይነቅሉለታል፣ ከዚያ ሌላውን… ቀስ እያሉ። ማንም ሳያያቸው። ደስ ይሉኛል።

በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ፖኒ ክምሩን እያየች ምንድነው አለችኝ። በተሰባበረው አረብኛዬ «ደ ደዋ» አልኳት። መድኃኒት አለበት፣ እንዳትነኪው ማለቴ ነበር። ሳቀች። «ሹክራን፣ ዶክቶራ።» ዶክቶራ ስትለኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ።

የካቲት 19
ውጤት የለም። ናሙናው ናይሮቢ ላብራቶሪ ተኝቷል። ላስቲኩ በአንድ ጎን ተቀዶ ለጠፍነው። ፖኒ ሆዷ ገፍቷል።

መጋቢት 2
ጠዋት ሻይ ልጠጣ በር ላይ ቆምኩ።

«ዶክቶራ፣ ደዋሽ ጥሩ ነው። ማቅለሽለሹ ተወኝ» አለችኝ ፖኒ። የቱ ደዋ? የልብሷን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ከክምሩ የወሰደችው ቀይ ጓል። የተነከሰ።

እርጉዝ አፈር ያምራታል። እኛም አገር ያምራቸዋል። እዚህ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚበላ አፈር ተደርድሮ ሲሸጥ ስንቴ አይቻለሁ! እንዴት አላሰብኩትም? ለእኛ የሚረጨውም የሚዋጠውም መድኃኒት ነው። ለእነሱም ሁለቱም ደዋ ነው። ከዶክቶራ አፍ ሲወጣ ግን… የሚዋጠው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

«አትብዪው!» ብዬ ነጠቅኳት። ደነገጠች። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳልነግራት ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

መጋቢት 3
ተገኝ፦ «አጥር አሠሪ፣ አፍሽን ያዢ። ዶነሮቹ ከሰሙ አበቃልን። ደግሞ ትታዋለች አይደል?»

ትታዋለች… ይመስለኛል። ቤቷ የቀረ ቢኖርስ? ዲዲቲ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጡት ወተት ይወጣል። ጉድጓዴ ውስጥ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ሆዷ ውስጥ ልከትላት አልችልም። ተገኝንም ጠላሁት። ያዘዘኝን ማድረግ ስላማረኝ ይሆናል።

መጋቢት 5፣ እሑድ
ሃይ ማላካል ሰፈር፣ ቸርች። «ለሥራዬ ጸልዩልኝ» አልኳቸው ምዕመናኑን። ጮክ ብለው ጸለዩ። ምን እንደሠራሁ አያውቁም። አፈርኩ። ቃሉ ራሱ አፈር አፈር ይላል።

መጋቢት 6
ለፖኒ ነገርኳት። «ደ ሱም።» መርዝ ነው።

«ደዋ ነው አላልሽኝም?»

ብዬሻለሁ። የአንቺ ጥፋት አይደለም አልኳት። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ለእህቴም ሰጥቻታለሁ።»

ጌታ ሆይ።

በቦዳቦዳ ሞተር አብረን እህቷ ቤት፣ ሙኑኪ ሰፈር ሄድን። እህቷም እርጉዝ ናት። ከአልጋዋ ሥር በፌስታል የተቋጠረውን አፈር አወጣን። ዝም ብል ኖሮ… ሁለቱንም ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። ከሰውነት ማስወጫ የለውም አለ። ክትትል ያድርጉ፤ ሲወልዱም ጡት ማጥባቱን እንዳይተዉ፣ ጥቅሙ ይበልጣል። ስንመለስ ፖኒ ከእህቷ ጋር ተያይዛ ፊት ፊት ሄደች።

ሚያዝያ 12
ዶክቶራ ማለት ትታለች። «ሻይ?» ትለኛለች፣ እንደ ማንም። ይገባኛል። ግን ያማል።

ሰኔ 11
ውጤቱ መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ዲዲቲው ከግማሽ በታች ወርዷል! ተገኝ አጨበጨበ። አንድ ክሎሪን የተነቀለለት ግን ጨምሯል፣ እሱም ራሱ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎቹ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ሪፖርቱ ላይ የፖኒንም ነገር ጻፍኩ። ጭብጨባው ቆመ፤ ተገኝ አኩርፎኛል።

ፖኒ ሴት ልጅ ወልዳለች። በር ላይ አየኋት። እያጠባች ነበር። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። እንኳን ጌታ በሰላም አገላገለሽ እንዳልል ቋንቋውም አፌም አልሆነልኝ፤ ቆሜ ቆሜ ሄድኩ።

ሰኔ 14
እማዬ ከሆሳዕና ደወለች። «ጎመኑን ዛሬ ጠዋት መድኃኒት አስረጨሁት» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

«መርዝ በይው፣ እማዬ።»

«ምን?»

«መድኃኒት አትበይው። መርዝ ነው።»

«ውይ… የወንድምሽን ልጆች ቅጠፉ ብዬ ልኬያቸዋለሁ እኮ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓሮ ስትጣራ ሰማኋት። «ተዉት! መርዝ ነው! መርዝ!»