የክብር አባል

ሰኞ

ጡሩምባዬን ሊወስዱብኝ ነው። ጻፊው ራህመት፣ እንዳልኩት ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ የሰፈራችን እድር አዲሱ ዳኛ ሳምሶን ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ሳምሶን ኢንጂነር ነው። ልጅ ሆኖ ከዳቦ ቤቴ ትኩስ ዳቦ በሸሚዙ ጠቅልሎ ይሮጥ ነበር። ዛሬ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። ያኔ ነው የፈራሁት። እጅ የሚስም ሰው ደህና ወሬ ይዞ አይመጣም።

«አባባ አሊ፣ ከእንግዲህ ይረፉ» አለኝ። «ሰው ሲሞት በቴሌግራም እንለቀዋለን። በዚህ ጉልበትዎ በጨለማ ጡሩምባ ይዘው መንከራተት የለብዎትም። ኮሚቴው የክብር አባል አድርጎዎታል።»

የክብር አባል ምን ይሠራል? አልኩ። ምንም። መዋጮ? አይከፍልም። ድንኳን ይተክላል? አይተክልም። ከቀብር ቢቀርስ ይቀጣል?

«ኧረ አባባ! እርስዎን ማን ይቀጣል?» ሦስቱም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። የማይከፍል፣ የማይሠራ፣ ቢቀር የማይቀጣ ሰው በእኛ ሰፈር እንግዳ ነው የሚባለው። ጢም ሳላወጣ የመጣሁበት፣ ያገባሁበት፣ ሚስቴን የቀበርኩበት ሰፈር ነው ዛሬ እንግዳ ያደረገኝ።

«ስሞትስ?» አልኩት።

«እናከብርዎታለን» አለ።

ማክበር አይቀብርም።

ጡሩምባውን ቅርስ ነው ብለው ቢሮው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። እሁድ ስብሰባ ላይ በጭብጨባ ላስረክብ። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ። ልጄ ራህመት አስተማሪ ናት፣ ደክሟት ነው የምትገባው። «አባ፣ ከምትጮህብኝ ንገረኝና ልጻፈው» አለች። ይኸው እነግራታለሁ። እኔ አሊፍም አላውቅ፣ ሀሁም አላውቅ።

ማክሰኞ

ነፋስ። አቧራ። ጉልበቴ።

ገበያ ልወርድ ባጃጅ ባቆም ልጁ መልኬን አይቶ በእንግሊዝኛ ያናግረኝ ጀመር። በኦሮምኛ ዋጋውን ተከራከርኩት፤ አፉን ያዘ። አዳማ ድሮ ጥላ ነበራት፣ ሰውም ያውቀኝ ነበር። አሁን ያለው የፎቅ መስታወት ነው። በእያንዳንዱ መስታወት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አረብ ያየኛል።

ጡሩምባው እንዴት እኔ ጋ እንደመጣ ጻፊ። ከየመን ያመጣኝ አጎቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣ እኔም ዳቦ ጋጋሪ ሆንኩ። ዳቦ ጋጋሪ ከዶሮ በፊት ይነሳል። እድሩ በሌሊት የሚነሳ ሰው ቸግሮት ሳለ የድሮው ዳኛ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አሊ መቼ ተኝቶ ያውቃል?» አለ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር እኔ ሳልጠራው የተቀበረ ሰው የለም። በየማዕዘኑ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ክርስቲያኑንም እስላሙንም። ውሾቹ እንኳ አይጮሁብኝም።

ጂዳ ያለው የወንድሜ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ በሰው አገር ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ና» ይላል። ጂዳስ የአባቱ ነው እንዴ? እሱም እዚያ የሰው አገር ነው ያለው። እናቴ ስትሞት የመን ሄጄ ነበር። «ሐበሻው መጣ» አሉ፤ በአረብኛዬ ልጆቹ ሳቁ። አዳማ ስመለስ ደግሞ «አረቡ መጣ»። በሁለት አገር ኖሬ አባባም አረብም ሳይል ስሜን የሚጠራኝ የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ነው፣ ቀብር ላይ፣ ስም ጥሪ ሲደርስ።

ረቡዕ

አስካለ ሞተች።

ዳቦ ቤቴ በር ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረችው አስካለ። ዳቦዬ ሲያር ከእኔ በፊት የምታሸተው እሷ ነበረች። «አሊ፣ አፍንጫህን የት ጥለኸው ነው?» ትለኝ ነበር።

ሞቷን ከድንኳን ነው የሰማሁት። እኔ! ጠዋት በሬን ስከፍት ድንኳን ተተክሏል። የማን ነው? ብዬ መንገደኛ ጠየቅሁ። «አልሰሙም እንዴ አባባ? ሌሊት ተለቆ ነበር እኮ» አለኝ። ተለቆ! እኔ ሲለቀቅ የማውቀው ውሃ ነው።

ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ሰው አግዳሚ ወንበር ያወርዳል። አንዱን በአንድ ጫፍ ልይዝ ጎንበስ ስል ሳምሶን ሮጦ መጣ። «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው!» ብሎ ክንዴን ይዞ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ፤ ባለ እጀታው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከአርሲ ነገሌ ከመጡት የልጇ ባልደረቦች ጎን። እጄ ላይ የታሸገ ውሃ አደረጉልኝ። አንዱ እንግዳ «ከሩቅ ነው የመጡት?» አለኝ። «ከዚያ በር» አልኩት፤ ቤቴን አሳየሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኘኋት፤ እኛ እስላሞቹ ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም ጥሪ ተጀመረ። ተራዬን አውቀዋለሁ፣ ከአለሙ ቀጥሎ ነኝ።

«አለሙ!»

«አቤት!»

«በዳዳ!»

«አቤት!»

አፌን ከፍቼ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ።

ሐሙስ

ዘውዴ መጣች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው መበለት፣ የአስካለ የልብ ጓደኛ። አላንኳኳችም፤ በሩን በዱላዋ ነው የደበደበችው።

«አንተ አረብ! ሞተሃል እንዴ?»

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያው ለምን አልነፋህም? አስካለን አፈር ሲያለብሷት እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር! ምስር! ሰዎቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ሲመለሱ አይቼ ነው ያወቅኩት። በዚህ ላይ ቀርተሻል ብለው ቀጡኝ!»

ስልኳ የቁልፍ ነው። ቴሌግራም የት አባቱ ገብቶ ይነግራታል?

ሽረውኛል ብላት ይቀለኝ ነበር። አንድ ቃል ናት። ምላሴ እምቢ አለች። ሰነፈ፣ አረጀ፣ ተኛ ይበሉኝ፤ ጣሉት ከሚሉኝ ይሻላል።

«አሞኝ ነበር» አልኳት።

«ውሸታም! ጉልበትህ ከከዳህ ለሚችል አትሰጥም? እሁድ በስብሰባ አስቀጣሃለሁ! እግዜር ምስክሬ ነው፣ አስቀጣሃለሁ!» ብላ ሄደች። ከበሩ ተመልሳ ደግሞ ጨመረችልኝ፤ ያንን ራህመት አልጽፍም ብላለች።

«አባ፣ ለምን እውነቱን አልነገርካትም?» ትላለች። ጻፊ አልኳት።

ይሄንንም ጻፊ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሰው ሁሉ እየሳመኝ ነው። የሰደበችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ምሳዬ የተበላልኝ።

ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ መጣሁ። ጡሩምባውን በአመድና በሎሚ ወለወልኩት። የሚሰቀል ከሆነ ዝጎ አይሰቀልም።

ራህመት «ስጣቸውና ስማርት ስልክ እገዛልሃለሁ» አለች። ተጣላን። ስልክ ለማያነብ ሰው ምኑ ነው? ድስት ክዳን።

አንድ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። የእስላም ቀብር አይጠብቅም። ሌሊት ብሞት ለዙህር አፈር ውስጥ ነኝ። ማን ይነፋልኛል? በቴሌግራም ቢለቁኝ እነ ዘውዴ ሲሰሙ ሥራው አልቋል። የክብር አባል ብለው ሁለት ኮሚቴ ከአበባ ጋር ይልካሉ። በሃይማኖታችን አበባ ምን ይሠራል?

ሞት አያስፈራኝም። እንደ እንግዳ መሸኘት ነው የሚያስፈራኝ።

ቅዳሜ

ምንም። ነፋስ። ሽንኩርት ጨመረ። ከራህመት ጋር አልታረቅንም፤ ይሄንን ራሱ የጻፈችው አኩርፋ ነው።

እሁድ

ጡሩምባውን በጆንያ ይዤ ሄድኩ። የእድሩ ቤት ሞልቷል። ፊት ለፊት ያው ባለ እጀታው ወንበር ይጠብቀኛል፤ ላዩ ላይ የታጠፈ ጋቢ፣ ስጦታ። ሳምሶን ንግግሩን ጀመረ። ስለ አገልግሎቴ፣ ስለ ባለውለታነቴ። በሕይወቴ እያለሁ ሙሾ የተወረደልኝ መሰለኝ።

ዘውዴ መሃል ላይ ተነሳች።

«ጋቢውን በኋላ ትሰጡታላችሁ። መጀመሪያ አረቡ ይቀጣ!»

«እማማ ዘውዴ፣ እባክዎ...»

«እባክዎን ተወው! እኔ ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። እሱ ተኝቶ ነው እኔን ያስቀረኝ። ይቀጣ!»

ሳምሶን ቀላ። «አባባ አሊ ጥፋት የለባቸውም። እኛ ነን ያሳረፍናቸው፣ ሰኞ ዕለት። አሁን የክብር አባል ናቸው፤ በደንቡ ደግሞ የክብር አባል አይቀጣም።»

ዘውዴ ዞራ አየችኝ። ያ አስተያየቷ ከዱላዋ ይብሳል።

«አሞኝ ነበር አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እና ጣሉኝ ማለት አቅቶህ ነው የዋሸኸኝ?»

ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ተነሳሁ። ተነሳሁ ማለት፣ ጉልበቴ እስኪታዘዘኝ ጠበቁኝ። «ልክ ናት» አልኩ። «አስካለ ሳትጠራ ተቀብራለች። ጡሩምባው እኔ ቤት ነበረ፣ እኔም ነቅቼ ነበር። ሰኞ ይረፉ ሲባል እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ኮራሁና ዝም አልኩ። ቅጡኝ።»

«አባባ፣ ደንቡ የሚለው...»

«እንግዲያው አባል አድርጋችሁ ቅጡኝ!»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። በዳዳ ነው የጀመረው። «ይቀጣ!» አለ። «ይቀጣ! ይቀጣ!» ቤቱ በሙሉ። ደስ ብሏቸው ነው የሚጮሁት፣ እንደ ሰርግ። ሳምሶን እጁን አነሳ፣ አወረደ። ጸሐፊው ምን ልጻፍ? አለው። «ጻፍ እንግዲህ» አለ። «አሊ። ቀሪ።»

ስሜን ጠራው።

የጡሩምባው ነገር ግን አልተወሰነም። ስልክ ለሌላቸው ይነፋ የሚል አለ፣ ሌላ ጎበዝ ይሰጠው የሚል አለ። በሚቀጥለው ወር ይታያል ተባለ። ይታያል ማለት ምን እንደሆነ በዚህ አገር ስኖር ተምሬያለሁ። ጋቢውን አልወሰድኩም። ጡሩምባውን በጆንያው መልሼ ወጣሁ፤ አምጣ ያለኝ የለም።

በር ላይ ዘውዴ ጠበቀችኝ።

«ስሞት ማን ይነፋልኛል ብለህ ነው አይደል ይሄ ሁሉ?»

ማን ነገራት? ራህመት ይሄን ስትጽፍ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጻፊው፣ አትዝለይው፣ አንቺ ነሽ።

«አታስብ» አለችኝ። «ለአንተ ጡሩምባ አያስፈልግም። እኔ ራሴ በየማዕዘኑ እየቆምኩ እጮህልሃለሁ፤ ድምፄን ታውቀዋለህ።»

«አንቺ ቀድመሽ ብትሞችስ?»

«ያኔ ሳትነፋልኝ ተኛና እናያለን!»

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። በሩን ከፍቼ አዳመጥኩ። የሚያለቅስ የለም። አልሐምዱሊላህ። ራህመትም ስልኳን አይታ «እዚህም ማንም አልሞተም አባ» አለችኝ። ታርቀናል መሰለኝ።

ጉልበቴ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዘኛል። እስከሚቀጥለው ወር ይቻለኝ አይቻለኝ አላውቅም፤ ለሳምሶን ግን ይሄንን አልነግረውም። ተመልሼ ልጋደም አልኩና ጡሩምባውን አይቼ ተውኩት።

ዘውዴ ታስቀጣኛለች።