የጀማል ሁለት ምስክሮች

ረቡዕ

አልገጠመም! ቃላቸው አልገጠመም። ከሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ስወጣ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝ። አሁን ሱቄ ገብቼ የስፌት መኪናው ላይ ተደግፌ ይህን ስጽፍ ደግሞ አፍሬያለሁ። ቢሆንም ልጻፈው።

ወንድሜ ጀማል ጅቡቲ ላይ ሰው በምታሻግር ጀልባ ተሳፍሮ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ሬሳው አልተገኘም። ሚስቱ ሆዳን «ባሌ ሞቷል ወይስ አልሞተም? አንዱን በሉኝ» ብላ ለቃዲው አመለከተች። ቃዲው ሁለት ምስክር ጠየቁ። ከዚያ ጀልባ ተርፈው ከተመለሱት ውስጥ ጀማልን የሚያውቁት ሁለት ናቸው። ዛሬ ቀርበው ተናገሩ።

አብዲረሺድ (አብዲ ነው የምንለው፣ የጀማል የልጅነት ጓደኛ፣ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው)፦ ጀማል የመንሳፈፊያ ጃኬት ነበረው። መጨረሻ ያየሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በሕይወት ነበር።

ሙሴ (የሐርተሼክ የፍየል ነጋዴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው)፦ ምንም ጃኬት አልነበረውም። ያየሁት ጠዋት ነው። ሸሃዳ፣ የመጨረሻ የእምነት ቃሉን፣ እያለ ሲሰምጥ አይቻለሁ።

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁ። «አንዱ በሕይወት ነው ይላል፣ አንዱ ሞቷል ይላል። በዚህ ሰው አይቀበርም። ሰኞ ተመለሱ። ያኔም ካልገጠመ መጠበቅ ነው፣ ያውም ለዓመታት» አሉ።

ለዓመታት! እኔ የሰማሁት «ጀማል ለዓመታት ይኖራል» ብለው እንደፈረዱ ነው። እማዬን ደግፌ ወጣሁ። «አላልኩሽም? ጃኬት ነበረው እኮ!» ትለኛለች። «አዎ እማዬ» እላለሁ። ሆዳን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ዞሬ አላየኋትም።

ሐሙስ

እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ለሰርግ የታዘዘ ቀሚስ ሁለቴ ሰፍቼ ሁለቴ ተረተርኩ። ባለሰርጓ ነገ ትመጣለች፣ አላህ ይሁነኝ።

ልረጋጋ ብዬ ያልገጠመውን ሁሉ ጻፍኩ።

ጃኬት፦ አለ፣ የለም።
ሰዓት፦ ማታ፣ ጠዋት።
ሸሃዳ፦ አንዱ ሰማሁ ይላል፣ አንዱ አላነሳውም።
ጀሪካን፦ አብዲ «ሁለት ሆነን አንድ ጀሪካን ይዘን ነበር» ይላል።

ጃኬት ያደረገ ሰው ጀሪካን ምን ያደርግለታል? ይህን ጽፌ ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።

ከዚያ ይህንኑ ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ምነው ባልገለጥኩ። አብዲ ከጅቡቲ ተመልሶ እኛ ቤት የመጣ ቀን እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «አብዲ መጣ። ከስቷል። ገና ሳይቀመጥ ‹እማ፣ ጀማል ከእጄ…› ሲል እማዬ እግሩ ላይ ተደፋች። አነሳናት። ውሃ ሰጠነው።» በቃ። ጃኬት የሚል ቃል የለም። ጃኬቱ በማግስቱ ነው የመጣው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በአጠገባቸው አልፋ ነበር አለን። አብዲ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እማዬ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንድ ነገር ጨምሮላት ይሄዳል። እሷም ያን ቀን እራት ትበላለች።

የራሴም አለ። ለሰው ሁሉ «ሊሳፈር ሲል ደውሎልኛል፣ እየሳቀ ነበር» ስል ከርሜያለሁ። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። የደወለው ከመሳፈሩ ሦስት ቀን በፊት ነው። ተጣልተን ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ወላሂ ሆን ብዬ አልዋሸሁም! ሳቁን አሁንም እሰማዋለሁ። እኔን ምስክር ቢያደርጉኝ ቃዲው በመጀመሪያው ጥያቄ ያባርሩኝ ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት በኋላ መናኸሪያ ሄድኩ። አብዲ ለባቢሌ መኪና ሰው ይጠራል። ሲያየኝ ድምፁ ቆመ።

«ዘይነባ! እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጃኬቱ ቀለሙ ምን ነበር?»

ብርቱካንማ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ሰማያዊ ብሏት ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። «አቦ ተይኝ እስቲ» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ። አልተውኩትም። እኔ ደግሞ ከያዝኩ አልለቅም፣ ጀማል «መዥገር» ነበር የሚለኝ። ረዳቱን «ጥራ አንተ» ብሎ ወደ ጥላው ወሰደኝ።

«እናትሽ ከፊቴ ቁጭ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ምን ልበል? ለእናት እንዲህ ያለ ነገር እንደዚያ ይነገራል? ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይላካል። እስቲ ፍርድ ቤት ማን ነው ያመጣት?»

እኔ ነኝ ያመጣኋት። ቃዲው የጠሩት ምስክሮቹንና ሆዳንን ብቻ ነበር። እማዬን አለባብሼ፣ በባጃጅ ወስጄ፣ ከምስክሩ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ካያት አይጨክንም ብዬ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም ዛሬ ነው ያመንኩት።

«ጃኬት ነበረው ወይስ አልነበረውም?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እሱም እስክጠይቀው እየጠበቀ ነበር። ፈራሁ። ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ሐርተሼክ ደርሼ መጣሁ። ነፋሱ ለጉድ ነው፣ አፌ ውስጥ አሁንም አሸዋ አለ። የሄድኩት ሙሴን ልይዛቸው ነበር። እውነቱን እንጻፍ ከተባለ፣ ሰኞም ቃላቸው እንዳይገጥም አንድ ስንጥቅ ፈልጌ ነው።

በክብር ተቀበሉኝ። የግመል ወተት ሻይ አስመጡልኝ። አማርኛቸው የገበያ ነው፣ ግን ይገባል። «ሸሃዳ ሲል በምን ያህል ርቀት ላይ ነበሩ?» አልኳቸው። ሻዩን አማሰሉ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«አልሰማሁም» አሉ። «ሚስቱ ‹መጨረሻ ላይ ምን አለ?› አለችኝ። ምንም አላለም ልበላት ልጄ? የዚያች ልጅ ፊት እኮ…»

ያዝኳቸው! «እንግዲያው ሲሰምጥም አላዩም» አልኩ።

«ሲሰምጥ አላየሁም። ሲነጋ ውሃው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ገለበጥኩት። ፊቱን አየሁት። ሩሑ የወጣ ሌሊት ነው።»

«ፊት በውሃ ይለወጣል፣ ሌላ ሰው ይሆናል። ምን ለብሶ ነበር?» አሁን ሳስበው ድምፄ የፖሊስ ነበር።

ግራጫ ሸሚዝ አሉኝ። ግራጫ የሚለብስ ስንት አለ። ቀጠሉ፦ መታወቂያ ካለው ብለው ደረቱን ሲፈትሹ ሸሚዙ ከውስጥ በኩል ኪስ አለው። ኪሱ የተሰፋው በአረንጓዴ ክር ነው። ከላይ እስከ ታች ሁሉ ግራጫ ሆኖ ያ ብቻ አረንጓዴ። «ገርሞኝ ነው ያስታወስኩት፣ ኋላ ሬሳውን ማዕበል ወሰደው» አሉ።

ያን ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጅቡቲ ሌባ አለ ብሎ በመጨረሻው ሰዓት መጣብኝ፣ ግራጫው ክር አልቆ ነበር። «በአረንጓዴ ስፊው፣ ውስጤን ማን ያየዋል» አለኝ። ሙሴ አዩት።

በሚኒባሱ ስመለስ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ማስቲካ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም።

እሑድ

ሱቅ አልከፈትኩም። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። ባለሰርጓ ስትደውል አላነሳሁም።

ዝም ካልኩ፦ ኪሱ የጀማል መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚመሰክር የለም። አብዲ ጃኬቱን ይደግማል፣ ቃዲው ይተዉታል፣ እማዬ እራቷን ትበላለች።

ከተናገርኩ፦ ጀማልን የምገድለው እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ አብዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ። እማዬ በሩን አየት፣ ሰዓቱን አየት ስታደርግ ቆየች። የመጣችው ሆዳን ናት፣ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ይዛ። ልጆቹን እማዬ ጋ ትታ እኔ ክፍል ገባች። ልትጣላኝ መሰለኝ፣ ተዘጋጅቼም ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ባል ፈልጋ ነው የምትሉ አላችሁ» አለች። እኔ ብዬ አላውቅም፣ ሲባል ግን ዝም ብያለሁ። «እኔ ማልቀስ ነው የምፈልገው ዘይነባ። ሳለቅስ እናታችሁ ‹በሕይወት ባለ ሰው ላይ ታሟርቺያለሽ› ትለኛለች። ስስቅ ጎረቤት ያየኛል። ልጆቹ ‹አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ሦስት ወር ሙሉ ፊቴን ምን ላድርገው?»

ጀማልን የምወደው እኔ ብቻ እመስል ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ትናንት የት እንደዋልኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እማዬ ከሳሎን «ሻይ ጠጡ» ስትል ዘጋሁት። ሲሄዱ ትንሿ ልጅ ጫማዋን ገልብጣ አጥልቃ ነበር፣ ተንበርክኬ አስተካከልኩላት።

ሰኞ

እማዬን ከአክስቴ ጋር ቤት ትቻት ሄድኩ። «ለምን አልሄድም?» አለች። «ፀሐዩ ይከብድሻል» አልኳት። ዓይኔን አየችኝና ነጠላዋን መልሳ ሰቀለች። አልተከራከረችኝም፣ ይህ ደግሞ የእሷ ጠባይ አይደለም።

አብዲ ገባና መጀመሪያ ያየው ረቡዕ ዕለት እማዬ የተቀመጠችበትን ወንበር ነው። ባዶ ነው። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ጃኬት አልነበረም። አንድ ጀሪካን ለሁለት ይዘው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጀማል እጁ ዛለ፣ አብዲ ክንዱን ያዘው፣ ብዙ ያዘው። «ከዚያ ደከመኝ። እሱ አልለቀቀኝም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። በሕይወት ነበር ስለቀው» አለ። ይሄን ትልቅ ሰውዬ፣ መናኸሪያውን ሁሉ በጩኸት የሚያስተዳድረውን፣ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ልጠላው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ሙሴ ሸሃዳውን እሳቸው እንደጨመሩት ተናገሩ፣ ይቅርታም ጠየቁ። የኪሱን ነገር ጠቀስ አድርገው አለፉት፣ ወደ እኔም አላዩም። ቅዳሜ ከፊቴ ገብቷቸው ኖሯል፣ ነገሩን ለእኔ ነው የተዉልኝ።

ቃዲው «ከቤተሰብ የሚናገር አለ?» አሉ።

ተነሳሁ። ስለ አረንጓዴው ክር ተናገርኩ። ረቡዕ ያንን ወንበር የሳብኩት እኔ እንደሆንኩም ተናገርኩ። ቃዲው ብዕራቸውን አነሱ። «አንዱ ማታ በሕይወት ተለየው፣ አንዱ ጠዋት ሞቶ አገኘው። ከመጀመሪያውም ገጥሟል። ቃሉን ያጣላው ለሰው ማዘናችሁ ነው» ብለው ጻፉ። ለሆዳን ስለ ዒዳዋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ስለምትጠብቀው ጊዜ፣ አስረዷት። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ወደ ቤት ኢማሙና የሰፈሩ ትልልቅ ሴቶች ቀደሙ፣ እኛ ከኋላ። ስገባ እማዬ መሐላቸው ተቀምጣለች። አልጮኸችም። አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ «ያን ልጅ አትቆጡት» አለችኝ። «‹ጃኬት ነበረው አይደል?› ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ አዎ ነው ያለኝ።»

አብዲ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፣ መግባት ፈርቶ። አስገቡት አለች። ገባ። ዛሬ ምንም አልጨመረላትም።

ሆዳን ከጓዳ ታለቅሳለች፣ ጮክ ብላ፣ በሙሉ ድምፅዋ። ዝም በይ የሚላት የለም። እኔ ለቅሶው ገና አልመጣልኝም።