ደወል ስለ ተደወለለት ጉሬዛና ስለ ታሰሩት ሁለት ልጆች

የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለጦር ሰፈሩ አዛዥ ለክቡር ኮማንዳንቴ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ልጄ የብርጓልና ጓደኛዋ መርየም ከእስር እንዲፈቱልን፣ የወይራ አምባ ሚካኤል ደንም መቆረጡ እንዲቆምልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ስሜ መሪጌታ አካለ ወልድ ይባላል። በአምበር አቅራቢያ በወይራ አምባ ሚካኤል ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ያገሬ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። እኔ የምከሰው ግን ንጉሥ ሳይሆን ከደናችን ግርጌ የሰፈሩትን የጣቢያ ሹም ስለ ሆነ፣ ተረቱ አይከለክለኝም ብዬ ደፍሬአለሁ።

፩. የጣቢያው ሹም ባለፈው ጥቅምት ሲመጡ ሥልጣኔ ይዘውልን እንደ መጡ በአስተርጓሚ ነግረውናል። ሥልጣኔውም መጥረቢያ ሆኖ ተገኘ። ለድልድይ፣ ለምሽግ፣ ለማገዶ እየተባለ የደኑ እኩሌታ አልቋል። ከዚህ ደን እርጥብ ቅርንጫፍ የቆረጠ ይወገዝ ነበር፤ ጽዱንና ወይራውን ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። በጥር ወር ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ደረቀብን ብለን ብናመለክት፣ ሹሙ የሰረቀውን ሰው ፈልጋችሁ አምጡ አሉን። እስካሁን እየፈለግን ነው።

፪. በደኑ ጉሬዞች ይኖሩ ነበር። ጥቁርና ነጭ ለብሰው፣ ከዛፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቅጠል በልተው የሚያድሩ ስለ ሆኑ እኛ መነኮሳቱ እንላቸዋለን። ወታደሮቹ ለቆዳቸው ብለው ይገድሏቸዋል። ምንጣፍ ተደርጎ ወደ ሮም ይሄዳል ሲባል ሰምተናል፤ ሮም ይህን ያህል ብርድ አገር መሆኗን አላወቅንም ነበር።

፫. የካቲት ፱ ቀን የብርጓልና የአምበሩ ጨው ነጋዴ የአብዱልቃኒ ልጅ መርየም ጭራሮ ሲለቅሙ፣ እናቱ የተገደለችበት ግልገል ጉሬዛ ከወደቀ ጽድ ሥር አገኙ። ገና ነጭ ነበር፤ ጥቁሩን አልለበሰም። ሁለቱም የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ናቸው። የብርጓል ግልገሉን በነጠላዋ አዝላ በጣቢያው ኬላ በኩል አለፈች። ዘበኛው ምን አዝለሻል ቢላት «ወንድሜ ነው፣ ፈንጣጣ ይዞታል፤ ልግለጥልህ?» አለችው። ዘበኛው መንገዱን ለቀቀላት። ረጅሙ ጅራት ከነጠላው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስለ ዘበኞችዎ ዓይን ግን እኔ የምናገረው የለኝም። ልጄ በመዋሸቷ ገሥጫታለሁ።

፬. ክቡርነትዎ ያገራችንን ሥርዓት ላያውቁት ይችላሉ። የሚሳደድ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ደወል ከደወለ፣ ካህናት ወጥተው ነገሩን እስኪሰሙ ድረስ ከቅጥሩ ውስጥ ማንም አይነካውም። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ይከበርለታል። ልጆቹም ይህን ከእኛ ሲሰሙ ያደጉ ናቸውና ለጉሬዛው ደወሉለት። ገመዱ የብርጓልን ስለ ራቃት የሳበችው ቁመቷ ዘለግ ያለው መርየም ናት። የእስላም ልጅ ትደውል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም የተጨነቅነው ለጉሬዛ ይገባዋል ወይ በሚለው ነበር። እኔ፣ ሥርዓቱ የሚሳደደውን ይላል እንጂ ጅራት የሌለውን ብቻ አይልም ብዬ ፈረድሁ። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ፣ ወተት ይጠጣ አይጠጣ በሚለው ላይ ግን ካህናቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

፭. ሹሙ ደወሉን ሲሰሙ ሽፍታ የተጠራ መስሏቸው አርባ አስካሪ ወታደሮችና አንድ መትረየስ ይዘው ወጡ። ከብርቱ ዘመቻ በኋላ ሁለት ሴት ልጆችና የፍየል ወተት የሚጠጣ አንድ ጉሬዛ ማረኩ። ድሉ በጽሑፍ እንደ ደረሰዎ ሰምቻለሁ፤ የጠላት ብዛት ስንት ተብሎ እንደ ተመዘገበ ባውቅ ደስ ባለኝ። ልጆቹ ወደ እርስዎ ሰፈር ተወሰዱ። ጉሬዛው ከጣቢያው ግንድ ላይ እንደ ታሰረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይህን ለልጆቹ ማንም እንዳይነግራቸው አደራ እላለሁ።

፮. ትናንት አስተርጓሚው የተዘጋጀ ወረቀት አመጣልኝ። ደወሉ ለሽፍታ የተደወለ፣ ደኑም የሽፍታ መሸሸጊያ ነው ይላል። ከፈረምሁ ልጄ ወዲያው ትፈታለች፤ የቀረው ደን በሳምንት ውስጥ ይመነጠራል፤ ስለ መርየም የተጻፈ ነገር የለም። አልዋሽዎትም፣ ብዕሩን አንሥቼ ነበር። ልጄን ካየሁ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፣ እናቷም እህል አልቀምስ ብላለች። ነገር ግን መርየምን ትቼ የብርጓልን ብቻ ይዤ ብመለስ፣ አብዱልቃኒ ቀርቶ ራሷ የብርጓል ፊቴን አታየኝም። ወረቀቱን መለስሁ።

ስለዚህ ሁለቱም ልጆች አብረው እንዲፈቱ፣ በደኑም ላይ የተነሣው መጥረቢያ እንዲቆም በትሕትና እለምናለሁ። ወንጀለኛ ሳይኖር መዝገብ የማይዘጋ ከሆነ፣ ወንጀለኛው እኔ ነኝ። ልጆቹ ገመድ ሳቡ እንጂ ጥገኝነቱን የፈረድሁት እኔ፣ ሥርዓቱን አውቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ነገም ቢመጣ እንዲሁ እፈርዳለሁ።

ይህን አቤቱታ በሰው እጅ አልላክሁትም። ስንቄን ቋጥሬ ከበርዎ ቆሜአለሁ። አብዱልቃኒም ልጆቹን ወደ ቤታቸው ሊወስድ በቅሎውን ይዞ ከጎኔ አለ። እነሱ ሲወጡ እኔ እገባለሁ።

ለክቡርነትዎ ጤናና ቅን ፍርድ እየተመኘሁ፣
ከታላቅ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መሪጌታ አካለ ወልድ
ከጦር ሰፈሩ በር