ላስቲካቸው ስለተላጠ አርባ አንድ ፊልሞች

ለተከበሩ አቶ ከፍያለው፣ ጅዳ ለላከን ኤጀንሲ ተጠሪ፤ እናንተም የቴሌግራም ግሩፑ እህቶቼ አብራችሁ አንብቡልኝ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ስልክዎ ከእሁድ ጀምሮ አልነሳ ሲል አሳስቦኝ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነው የምጽፍልዎት፤ ባለፈው «አርፈሽ ፈርሚ!» ብለው ሲጮሁብኝ ጉሮሮዎ እንዳይጎዳ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳፋ በሚባለው የጅዳ ሰፈር የምሠራበት ቤት ጌታ፣ ኮንትራቴን የያዘው ከፊሌ፣ ባባ የምለው ሽማግሌ፣ ፊልም ይሰበስባል፤ ያ ካባ ለብሶ የሚበረው፣ ጭንብል ያጠለቀው፣ የድሮ የጀግና ፊልም፣ በብረት ሳጥን ሆኖ ቁጥር የተጻፈበት። አንዱን ፊልም ሦስት ሦስት ይገዛል፣ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማዋስ፣ አንዱ ላስቲኩ ሳይቀደድ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ለማስቀመጥ። እኔ ይህን በምን አውቄ? ማዳም «የላ፣ አቧራውን አጽጂ» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ፣ የአርባ አንዱንም ላስቲክ ልጬ፣ ወልውዬ፣ አብለጭልጬ ደረደርኩት። ባባ ሲያይ መሬት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ፈርቼ እኔም አለቀስኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬ፦

፩. ባባ አምጥቶ የሰጠኝን የአረብኛ ወረቀት ሳያዩት «ፈርሚ» ስላሉኝ። የቤቱ ሹፌር ጀይላን አነበበልኝ፣ «ሆን ብዬ አበላሸሁ» ይላል፤ ከፈረምኩ ሐሙስ ፖሊስ ይወስደኛል።

፪. ፓስፖርቴን ተቀብለው ለባባ ስላስረከቡልኝ። እዚያው መስታወት ውስጥ ከማይከፈቱት ጋር ቆልፎበታል። እሱ ሦስት ሦስት አለው፣ እኔ ያለኝ አንድ ነው።

፫. ኤርፖርት ላይ «ችግር ሲገጥማችሁ እኔ አለሁ» ስላሉን። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ከፎቅ የወደቀችን ሴት አየር ላይ ሲቀልብ ስወለውል ሽፋኑ ላይ አይቻለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። አልዘልም፣ አይፍሩ፤ እንዲያው አድራሻዬን ረስተውት እንደሁ ብዬ ነው።

ውለታዎን የማትረሳ፣ ያስተማሯትን ሳታጎድል የምትሠራ፣ ጉልበትዎን የምትስም
ሙሉሸዋ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረስቼ፦ አዲስ አበባ በሦስቱ ቀን ሥልጠና የሰጡን ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ ተገኘ። «አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሳይላጥ አይወለወልም፤ አቧራ ከሥሩ ይደበቃል» ይላል፣ ከነማኅተምዎ። ጀይላን ወደ አረብኛ ገልብጦት አሁን ባባ እያነበበው ነው። ማኅተሙ ላይ ስልክ ቁጥርዎ አለ። እሱ ሲደውል እንኳ ያነሳሉ።