ትከሻህ ላይ ያለው እጅ

ለኔው ጌትሽ፣

እንዴት ሰነበትክ እንዳልልህ መልሱን ከማን ልስማ። ያለ ሰላምታ ደግሞ ደብዳቤ አልችልበትም፤ እንግዲህ ባለህበት ሰላም ይድረስህ። ከተለያየን ይኸው ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አወጣን። ምግቡ ለሰው በቅቶ ተረፈ፣ ካህናቱም ሳይቸኩሉ ጸለዩልህ፤ በዚህ በኩል አትስጋ።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ውሸት ነው። የግቢያችን የኒም ዛፍ አንዱን ቅርንጫፉን ጣሪያው ላይ ጥሎ ቆርቆሮውን አጎበጠው። ቬንትሌተርህ ሲያጓራ ከርሞ ጭራሽ ቆመ፤ በዚህ በድሬ ሙቀት ካርቶን ሳራግብ እውላለሁ። የቪዲዮ ስቱዲዮአችሁ በር ላይ የነበረው ያንተና የፍሬው ስም በቀለም ተሸፍኖ የእሱ ብቻ ተጽፎበታል። ቀለሙ ስስ ነው መሰለኝ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንተ ስም ከሥር ይታያል። እኔ አሁን ገበያ የምሄደው በሌላ መንገድ ነው።

ፍሬውን ሳማው አትወድም ነበር። አብረን የሠራን፣ ወንድሜ ነው ትለኝ ነበር። ዛሬስ አልሰማህም። ያን ሁሉ ጊዜ ታመህ ተኝተህ አንድ ቀን ብቅ አላለም። በር በተንኳኳ ቁጥር አንገትህን ቀና ታደርጋለህ፤ ጎረቤታችን ከድጃ ሾርባዋን ይዛ ስትገባ ታያትና ቀስ ብለህ ትራሱ ላይ ትመለሳለህ። ሥራ በዝቶበት ነው ትለኛለህ፣ እኔ የጠየቅኩህ ይመስል። ድንኳኑ ሳይነሳ ግን መጣ። አለቀሰ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው አለ፣ ትልቁን ኮምፒውተር ጭኖ ሄደ። ለእኔ የቀረኝ ያ አሮጌ ላፕቶፕህ ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናትህ የልጄን ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጊልኝ፣ ዘመድ ይየው አሉኝ። ቤቱን ገለበጥኩት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የድሬን ሙሽራ ሁሉ ስታነሳ ኖረህ የራስህ ፎቶ የለህም። የመታወቂያው ልጅነትህ ነው፤ ዘመድ እንኳ አይለይህም። የሕመምህን ጊዜ ደግሞ ለሰው ማሳየት ቀርቶ እኔም ማየት አልፈልግም። አንድ ብቻ ተገኘ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ሙሽሮቹን የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ቀርጻችሁ ስትወጡ የተነሳችሁት። ቆብህን ወደ ኋላ አዙረህ አፍህን ከፍተህ ትስቃለህ። ከጎንህ ፍሬው ቆሟል፣ እጁ ትከሻህ ላይ። ያነሳኋችሁ እኔ ነኝ። ተጠጉ ያልኳችሁም እኔ ነኝ።

ከድጃ አይታው፣ አቦ ተይው፣ ሰው የሚያየው ጌታሁንን ነው እንጂ ያንን ነው እንዴ አለችኝ። አልተውም አልኳት። ያቺ እጅ በሙት ዓመትህ ትከሻህ ላይ አትውልም።

ከሰዓት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁት ሴትዮ ማስክ፣ ምስልን በነጥብ መስመር ዞሮ ቆርጦ ማውጣትን፣ የተማርኩት ካንተ ጎን ተቀምጬ ነው። ዓይንህ ሲደክም ነጥቡን አንቺ ዙሪልኝ ትለኛለህ፣ እኔም የሙሽራዋን ቬሎ ዳር ዳሩን ነጥብ እየተከልኩ ስዞር እውላለሁ። አሁን አንተን ዞርኩህ። ከቆብህ ጀምሬ በጆሮህ ወረድኩ፤ ጆሮህ ጋ ትንሽ ቆየሁ። አገጭህን አልፌ፣ አንገትህን አልፌ ትከሻህ ላይ ስደርስ ተያዝኩ። መስመሩን ከጣቶቹ ውጭ ባሳልፈው ጣቶቹ አብረውህ ይመጣሉ። በውስጥ ባሳልፈው ትከሻህ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል። ማስክ ያለውን ያሳያል ወይ ይደብቃል እንጂ የሌለ ትከሻ አይሠራም።

ያኔ ያ የማስታወቂያ ሥራህ ትዝ አለኝ። የማስኩን መስመር ወስደህ ሼፕ፣ ብቻውን የሚቆም ሥዕል፣ ታደርገው ነበር። ፎቶው ይቀራል፤ መስመሩ ብቻውን ቆሞ የሰጡትን ቀለም ይቀበላል፣ ራሱን እየሳለ ይመጣል፣ ነጥቡን ይዘህ ወደፈለግክበት ትስበዋለህ። እኔም አዲስ ሼፕ ከፈትኩና መስመሩን ኮፒ አድርጌ ላዩ ላይ ጣልኩት። ሌላ ማስክ ሆኖ ቁጭ አለ። ደገምኩት፣ ያው። ያቺው የድሮ ስህተቴ ናት፤ ሼፑ ውስጥ መስመሩ የሚገባበትን ቦታ ሳልመርጥ ነው የምጥለው። እንግዳን ወንበር ሳታሳዪው ተቀመጥ ትይዋለሽ እንዴ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ቦታውን አስቀድሜ መርጬ ወንበሩን አሳየሁት። ገባ።

ፎቶውን ደበቅኩት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። የጣቶቹን ጉብታ አንድ በአንድ እየሳብኩ ደለደልኩ፣ ትከሻህን ሞላሁት። አልዋሽህም፣ እጁን በመቀስ የቆረጥኩት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይህ ዓይን የለህም። ሳቅህም የለም። ፊትህን ብቻ ቆርጬ ውስጡ ባስገባው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ራስ ሆነብኝ፣ ደንግጬ አጠፋሁት። እጁን ለማስለቀቅ ፊትህን ከፈልኩ።

እሑድ ለት ቴሌቪዥኑ ላይ ለቀቅኩት። መስመሩ ከቆብህ ተነሥቶ በጆሮህ፣ በአገጭህ እየሳለ ወረደ። እናትህ ተጠግተው መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አቧራ መስሏቸው ነው።

"ልጄ፣ ፊቱ የታለ?" አሉኝ።

አቀርቅሬ ሳህን ሰበሰብኩ።

ፍሬውም መጥቷል፣ ደህና ወንበር ይዞ። ያንን አቋቋምህን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። መስመሩ ትከሻህ ላይ ደርሶ ሳይሰበር ሲያልፍ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"እዚህ ፎቶ ላይ እኔም ነበርኩ" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

"ነበርክ" አልኩት።

ንፍሮውን ሳይጨርስ ወጣ። ከድጃ ጠጋ ብላ፣ ወላሂ እጁን ቆርጠሽ ሰደድሽው አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ በሙት ዓመትህ፣ ይቅር በለኝ።

ሰዉ ሲበተን ግን ፊትህ ናፈቀኝና ያልተቆረጠውን ፎቶ አወጣሁት። ብዙ አየሁት። እና ጌትሽ፣ ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ያን ቀን እንዲያ አፍህን ከፍተህ የሳቅከው ፍሬው በጆሮህ አንድ ነገር ሹክ ብሎህ ነው። ምን አለህ ብዬ ብጠይቅህ የወንዶች ነው ብለህ አባረርከኝ። የምወደውን ሳቅህን ያመጣው እሱ ነው። ይህንን በየትኛው ማስክ ልቁረጠው?

ለእናትህ ፎቶውን እንዳለ አሳጥቤ ሰጠኋቸው፣ ከነእጁ። ራስጌያቸው ሰቅለውታል፤ ሲነሱም ሲተኙም ይስሙታል። ከዚህ በላይ ልከለክላቸው አልችልም።

ይቅር በዪው ትለኝ ይሆናል። አልለውም፣ ቢያንስ ዘንድሮ አልለውም። አንተን ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ከነቆብህ፣ ከነሳቅህ አስብሃለሁ። ድልድዩ ላይ ትከሻህን የያዘውን እጅ ሌላው ሰው ይየው። አልጋህ አጠገብ የጠፋውን እጅ እኔ አስታውስልሃለሁ።

ያንተው ጽጌ
ድሬዳዋ