ትልቁ ኮይልና የእትዬ ዘነበች ጌሾ

ረቡዕ

ቀለበቱን ቀበረው! ወርቅ መፈለጊያ ማሽን ፈትኑ ተብለን፣ አለቃዬ ጓድ ይልማ የጋብቻ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ መሬት ውስጥ ቀበረ። ትልቁን ኮይል ይዤ ከላዩ ሳልፍ ማሽኑ ጮኸ፤ እሱም አጨበጨበ። ሰው ለገዛ ቀለበቱ ያጨበጭባል?

ነገሩ ቀላል ነበር። ማሽኑ አንድ ነው። ከዘንጉ ጫፍ የሚገጠሙት ክብ ነገሮች፣ ኮይል የምንላቸው፣ ሁለት ናቸው። ትልቁ መለስተኛ ትሪ ያክላል፣ ትንሹ የስኒ ሰሃን። ደቡብ ላሉት የወርቅ ፈላጊ ጓዶች የትኛው በብዛት ይገዛ? ይህንን ነው የምንመልሰው።

ቀለበት ዙሪያው የተዘጋ ክብ ስለሆነ ጥልቅ ቢቀበርም ይጮኻል። እዚያ መስክ ላይ ግን ቀለበት የሚቀብር የለም፤ የሚገኘው የገብስ ፍሬ የምታክል ወርቅ ናት። ከመጋዘን በብልቃጥ የመጣችውን ቅንጣት ቀበርኩ። ትልቁ ዝም። ትንሹ ወዲያው አፏጨ። ደጋገምኩት፣ ያው ነው።

«ጓዲት ሮማን፣ ነገር አታወሳስቢ» አለኝ ይልማ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። ለካ ትልቁን አስቀድሞ አዟል! ፈተናው ለወጉ ነው። ትልቁ ይበልጣል በሚል ሪፖርት ላይ እንድፈርም ይፈልጋል። አልፈርምም አልኩት። እስከ ሰኞ አስቢበት አለ። ከጥርሱ ያወጣውን ነገር አይቶ መልሶ ዋጠው። እንጀራ የሚሰጠኝ ሰው ይሄ ነው።

ያዘዘውን ተሸክመው ፀሐይ ላይ የሚውሉት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ወርቁን እየረገጡ ያልፋሉ።

ሐሙስ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በየነ ቢሮ ድረስ መጣ። ትናንት ስንፈትን ከሜዳው ዳር ባሕር ዛፎች መሃል ሆኖ ሲያየን ነበር አሉ። ቀለበቱ ከመሬት ሲወጣ ማየቱን እንደ ተአምር ያወራል።

የሚፈልገው ማሽኑን ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በድሮ ዘመን የአንድ መኳንንት ቤት ሞግዚት ነበሩ። ጌትዬው ሲታሰሩ ወርቃቸውን ለእሳቸው አደራ ሰጥተዋል የሚል ወሬ ሰፈሩን ከዞረ ቆይቷል። ጓድ በየነ ወርቁን «ለእናት አገር ጥሪ» ሊያወጣው ነው። ይህን ሲል ምላሱ ከንፈሩን ሲዞር አየሁት።

ይልማ ደስ ብሎት ፈቀደ። «ጓዲት ሮማን እዚያው ጉለሌ ጎረቤት ናት፣ እሷ ትያዝላችሁ።» ማን ጠየቀኝ?

ማታ እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ወርቅ የለኝም፣ ልጄ። ወርቅ ቢኖረኝ ጣራዬ እንዲህ ያፈስ ነበር?»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል? ይፈልጉና ይሂዱ።»

ግራ ቀኝ አይተው ወደ ቀዳዳው ተጠጉ። ምስጢራቸውን በሹክሹክታ ነገሩኝ። የሟች ባላቸው ሽጉጥ። መሣሪያ አስረክቡ የተባለ ጊዜ ሐዘን ላይ ነበሩ። ሐዘኑ ሲያልፍ ደግሞ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብለው ያስሩኛል ብለው ፈሩ። ቀበሩት። ከጌሾው ሥር፣ እስከ ክርናቸው ድረስ ጥልቅ።

መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን በዚህ ሰፈር ማንም አይጠይቅም። ነገ ማሽኑን የምይዘው እኔ ነኝ።

ዓርብ

ትንሹን ኮይል ገጠምኩ።

«ለወርቅ የሚሻለው ይሄ ነው» አልኩት ጓድ በየነን። እውነቴን ነው! ሰሞኑን ከአፌ የወጣች አንዲት ንጹሕ እውነት እሷ ናት፤ እሷንም ለማታለያ አዋልኳት። ትንሹ ደቃቁን ወርቅ ይሰማል እንጂ ጥልቅ አይወርድም። ክርን ድረስ የተቀበረ ሽጉጥ አያገኝም።

እትዬ ዘነበች ድሮ ቢራ ይሸጡ ነበር። ክረምት ክረምት ጭቃው እንዳያዳልጥ የጠርሙሱን ቆርኪ ሁሉ ግቢው ላይ እየደፉ ያስረግጡት ነበር። ስለዚህ ማሽኑ በየእርምጃው ጮኸ። ጓድ በየነ በጮኸ ቁጥር «ቁፈሩ!» ይላል፣ ሁለቱ አብዮት ጥበቃዎች ይቆፍራሉ፣ ቆርኪ ይወጣል። ቆርኪ። ምስማር። የሰርዲን ጣሳ ከነዝገቱ። እጀታ የሌለው ማንኪያ። ማንኪያውን ጓድ በየነ በምራቁ ወልውሎ ወርቅ መሆን አለመሆኑን በጥርሱ ነከሰው! ከዶሮ ኩስ መሃል የወጣ ማንኪያ!

ጌሾው ሥር ደረስኩ። አለፍኩ። ዝም። እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

በቃ፣ አለቀ ብዬ ማሽኑን ሳጠፋ ጓድ በየነ እንትፍ ብሎ፣ «ይልማ የነገረኝ ግን ትልቁ እንደሚበልጥ ነው» አለ። «ነገ በትልቁ እንደግመዋለን።»

ያ ቀለበቱን የቀበረ ደደብ!

ቅዳሜ

ጠዋት ጎመኔ ተነቃቅሎ አገኘሁት። መደቡ ተቦጫጭሯል። የእትዬ ዘነበች ዶሮዎች መሆን አለባቸው። በዚህ ላይ ይህ! ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

ከትልቁ የማመልጥበት መንገድ አጣሁ። ባትሪ ድንጋዩ አልቋል ልል ነበር፤ ጓድ በየነ ግን ከአዲሱ ገበያ አዲስ ገዝቶ በኪሱ ይዞ መጣ። ሰውየው ለምንም ነገር እንዲህ ተግቶ አያውቅም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካጣ ስንት ጊዜው!

ጌሾው ጋ ስደርስ ፈጠን አልኩ። ኮይሉን አሻግሬ ላሳልፈው ስል ጓድ በየነ «እዚያ ጋ ዝቅ አድርጊው» አለኝ። ዝቅ አደረግኩት።

ዝም።

ደግሜ አሳለፍኩት። ዝም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ወደ ቆርኪው ባዞረው ጮኸ። ቀና ስል እትዬ ዘነበች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ዛሬ አይንቀጠቀጡም።

ጓድ በየነ ፊቱ ጠቆረ። ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። «ሰኞ ሰፈሩን በሙሉ እናስሳለን። አድልዎ እንዳይባል ከጓዲት ሮማን ግቢ እንጀምራለን።» ይሁና። እኔ ምን አለኝ?

ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ማሽኑ እኔው ጋ ስላለ ግቢዬን ልየው አልኩ፤ አሮጌ ምስማር እንኳ ቢኖር ቀድሜ ላንሳው። ትንሹን ይዤ ዞርኩ፣ ከሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በቀር ንጹሕ ነው። ትልቁን ገጠምኩና ጎመን መደቡ ላይ ስደርስ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ምንም አልቀረው።

ቆፈርኩ። ላስቲክ። በላስቲኩ ውስጥ ጨርቅ። በጨርቁ ውስጥ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሽጉጡ።

ዶሮ አልነበረም።

መልሼ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ወሸቅኩት።

እሑድ

ቅዳሴ ሳይሄዱ በማለዳ እትዬ ዘነበችን በአጥሩ ቀዳዳ ያዝኳቸው።

«እንዴት በእኔ ላይ ይህን ያደርጋሉ? እኔ ለእርስዎ ብዬ!»

አላፈሩም። «የማሽኑን ባለቤት ቤት ማን ይፈትሻል ብዬ ነው፣ ልጄ። ከአንቺ ግቢ የተሻለ ቦታ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አጣሁ።»

«ነገ መጀመሪያ የሚፈትሹት እኮ የእኔን ነው! እርስዎም ተቀምጠው ሰምተዋል!»

«ሰምቻለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላወጣው ስመጣ ውሻሽ ጮኸብኝ፤ ዓርብ ሌሊት በእንጀራ አባብዬው ነበር፣ ትናንት እንጀራ አልነበረኝም።» ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ተናድጄ ማባበል ጀመርኩ። ይሄም ያስጠላል፤ ጥፋቱ የእሳቸው፣ አባባዩ እኔ።

የት ይወሰድ? ወንዝ ጣይው አሉ። በመንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ጉድጓድ ብንቆፍር ትልቁ ኮይል ያገኘዋል፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። የእኔና የእሳቸው የጋራ ሽንት ቤት። ከሞላ ዓመት ያለፈው፣ ማዘጋጃ ቤት መጥጡልን ብለን ያልመጠጠው። ግድግዳው ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ ማሽኑ እዚያ ጋ በቆርቆሮው ምክንያት መጮኹ አይቀርም። ማንም ምን እንደሚጮኽ አይለይም።

እሳቸው በር ላይ ቆመው ሰው ጠበቁ። እኔ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ገባሁ። ዝም ብዬ ብጥለው ላዩ ላይ ይቀራል፣ እስከዚያ ሞልቷል። በእንጨት ገፋሁት። አልሰጥም አለ። ገፋሁት። የሚያወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ትሉንም አልጽፈውም። እጄን በአመድ፣ በሎሚ፣ በሳሙና፣ እንደገና በአመድ አጠብኩ። አሁንም ይሸተኛል። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ

አለፈ!

ጓድ በየነ ከነጭፍሮቹ በጠዋት መጣ። ማሽኑን ራሴ ልያዝ አለ፤ ሰጠሁት። ጎመን መደቡ ዝም አለ። ግቢው በሙሉ ዝም አለ። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ ጮኸ።

«ቆርቆሮው ነው» አልኩ።

በሩን ከፍቶ ኮይሉን ወደ ውስጥ ዘረጋው። ይበልጥ ጮኸ። ጓድ በየነ አየኝ። እኔም አየሁት።

«ግባና ፈልግ» አለው አንዱን አብዮት ጥበቃ።

ልጁ አንገቱን አስገብቶ አየ፣ ወጣ፣ አፉን በክንዱ ያዘ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ጓድ በየነ አንድ እግሩን አስገባ። ያ ከዶሮ ኩስ የወጣ ማንኪያ የነከሰ ሰውዬ አንድ እግሩን አስገብቶ መልሶ አወጣ። «ቆርቆሮው ነው» አለ። ወደሚቀጥለው ግቢ ሄዱ። ያንን ግማት ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ቢሮ ሄጄ በራሴ ወረቀት ጻፍኩ፤ ለደቃቅ ወርቅ ትንሹ ይሻላል፣ ትልቁ ጥልቅ ያሉ ትልልቅ ብረቶችን ያገኛል። ፈረምኩ። ይልማ «ትልልቅ ብረት ማግኘቱን በምን አረጋገጥሽ?» አለኝ። በቀለበትህ አልኩት። የራሱን ሪፖርት ብቻውን ፈርሞ ላከ፤ ትልልቆቹ ኮይሎች ይመጣሉ። የእኔንም አባሪ አድርጌ ልኬዋለሁ፤ የሚያነበው ካለ ያንብበው።

ማታ እትዬ ዘነበች ጎመን ቀቅለው አመጡልኝ። ያንኑ የነቀሉትን የእኔን ጎመን። በላሁት።

አሁን ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ፣ ግን እዚህ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ሽጉጡ ጥይት እንደጎረሰ ነው ወይስ ባዶ ነው ብዬ እትዬ ዘነበችን ሳልጠይቅ ነው የገፋሁት፤ አፈሙዙ ወደየት እንደዞረ እንኳ አላየሁም።