የእንሰቱ ማብሪያ

ጥቅምት 6
ከዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ጠፍቶ ሥራ አርፍጄ ገባሁ። ግሪንሃውስ ውስጥ ያሉት እንሰቶች ደህና ናቸው። ለአምናዎቹ ያስገባንላቸው ዘረመል ሌት ተቀን እየሠራ አጠውልግ በሽታን ቢከላከልም ጉልበታቸውን ጨርሶ አቀጨጫቸው። የዘንድሮዎቹ ማብሪያ አላቸው። ዘረመሉ ተኝቶ ይቆይና ተክሉ ሲቆስል ይነቃል። በሽታው የሚገባው በቁስል ነው... ስለዚህ ልክ ነን። ነን?

ማታ ጋሽ መሸሻ ከአገር ቤት መጡ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለእግራቸው ሕክምና ሪፈር ተጽፎላቸዋል። እኛ ጋ ያርፋሉ።

ጥቅምት 9
እራት ላይ ስለ እንሰታቸው አወሩ። ግማሹን አጠውልግ ጨርሶታል። ጎረቤቶቻቸው ነቅለው ባሕር ዛፍ ሊተክሉ ነው። እሳቸው የእኔን ዘር እየጠበቁ ነው። ስለ ማብሪያው ነገርኳቸው።

"እንደናንተ ሰፈር መብራት ካልሆነ ጥሩ ነው" አሉ። ባለቤቴ አማኑ በሳቅ ሞተ።

መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ። ብዙ አይቆይም አልኩ። ለምን እንደዚያ አልኩ?

ጥቅምት 10
ብዙ አይቆይም... ለኔ ዓመታት ማለት ነው። ለሳቸው የሚመጣው ክረምት።

ኅዳር 14
ባለፈው ወር ቅጠሎቹ የግሪንሃውሱን መረብ ስለነኩ ባልደረባዬ ሄኒ አንዳንዶቹን ከርክሟቸው ነበር። የተከረከሙት ባለማብሪያዎች ከዚያ ወዲህ አላደጉም። ያልተነኩት ደህና ናቸው። ዘረመሉ ያልገባባቸው ተራ እንሰቶችም እኩል ተከርክመው ደህና ናቸው። ማብሪያውን ያበራው መቀሱ ነው። ማብሪያው መቀስና በሽታ አይለይም።

ሄኒ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን አጠፋ? እናቴ ለዳቦ፣ ለቆጮ ኮባ ስትቆርጥ እያየሁ ያደግኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉ የማይቆረጥ እንሰት የት አለ?

ኅዳር 15
ለጋሽ መሸሻ አልነገርኩም። እግራቸው ተሽሏቸዋል፤ ሊሄዱ ነው።

ኅዳር 17
አማኑ በሰው ማሳ እየቀለድሽ ነው አለኝ። ተናደድኩ። ግን ልክ ነው።

ነገርኳቸው። አይጠብቁኝ፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል አልኩ። ሻያቸውን አስቀመጡ።

"ያን ቀን ለምን እንዲህ አላልሽኝም?"
"ፈርቼ።"
"እኔን?"
"እንሰቱን እንዳይነቅሉት።"

ሻዩን ሳይጨርሱ ተኙ።

ኅዳር 20
እስከ ጦር ኃይሎች ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ አወሩ። ተቀይመውኝ ይሆን?

ታኅሣሥ 11
አዲስ ማብሪያ ጀመርን። ቢላዋ ሲነካው ሳይሆን ራሱ የበሽታው ተሕዋስ ሲገባ ብቻ እንዲነቃ። ከባድ ነው። ይሳካ አይሳካ አላውቅም።

ማታ ጋሽ መሸሻ ደወሉ። የታመመውን ሁሉ ነቅለው ቀብረዋል። ክረምት ሲገባ ዳገቱን ባሕር ዛፍ ሊያደርጉት ነው።

"ጓሮ ያለውን እንሰት አልነካሁትም" አሉ። "ያንቺ ዘር ከደረሰ ማረፊያ ይኑረው ብዬ። ግን ልጄ፣ በሽታው ከቀደመሽ እሱንም እነቅላለሁ።"

"ይንቀሉት ጋሼ" አልኳቸው።